ግድግዳ አለ ያልኳት ቀን

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለእናቴም ሳልነግራት አለፈች። የንስሐ አባቴ ዘንድ በየጾሙ መግቢያ እቀርባለሁ፤ ጾም ስለ መግደፌ፣ በሰው ላይ ስለ መቆጣቴ፣ ስለ ክፉ አሳቤ ሁሉ ተናግሬያለሁ፤ ይህን ግን አንድም ቀን ከአፌ አላወጣሁም። አባ «ሌላስ ልጄ?» ይሉኛል። «ሌላ የለም አባቴ» እላለሁ። ሌላ ነበረ። ሁልጊዜም ነበረ። ይህን የምታነቡልኝ እናንተ ማን እንደሆናችሁ አላውቅም፤ ያደፋፈረኝም አለማወቄ ሳይሆን አይቀርም። ፊታችሁን ባየው ኖሮ እንደ ወትሮው «ሌላ የለም» ብዬ እነሳ ነበር።

ስሜ ኤፍሬም ነው። የተወለድኩት አዋሽ ሰባት ነው፤ አባቴ የባቡር ሠራተኛ ነበር። አፋርኛን ከሰፈር ልጆች ጋር ስጫወት ለመግባባት ያህል ለቀምኩ። በኮምፒውተር ተመርቄ የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት ሰመራ ነው። ቤት ኪራይ ስለሚቀልል የምኖረው ሎጊያ፣ ከጋራዦቹ ኋላ ነበር። ማታ ማታ ሽርጥ አገልድሜ በረንዳ ላይ እቀመጣለሁ፤ ጠዋት ሱሪዬን ለብሼ በባጃጅ ሰመራ እገባለሁ።

መሥሪያ ቤታችን የጎርፍ ማስጠንቀቂያ የሚሰጥ አንድ ፕሮጀክት ነበር። የአዋሽን ጠባይ የማያውቅ ሰው ጎርፍ ሲባል ዝናብ ይጠብቃል። እታች አሳይታ አካባቢ ግን ዝናብ የለም። ክረምት ደጋው ላይ ሲዘንብ፣ እዚያ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ውሃው ድንገት በደረቁ ሜዳ ላይ ይፈስሳል። ለዚህ ነው ከላይ በኩል ወንዙ ዳር የውሃ መለኪያዎች የተተከሉት። ውሃው ከፍ ሲል መለኪያው ሰመራ ላለው ሲስተም ይናገራል፣ ሲስተሙ ደግሞ ወንዙ ዳር ለሰፈሩ ሰዎች በሞባይላቸው ይደውላል። መልእክቱ በጽሑፍ አይደለም፤ በድምፅ ነው፣ በአፋርኛ። ስልኩን ያነሳ ሰው የሴት ድምፅ ይሰማል።

ያ ድምፅ የሐሊማ ነበር።

ሐሊማ የአሳይታ ልጅ ናት። ቀድሞ አስተማሪ ነበረች። ቀስ ብላ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠች ነው የምትናገረው፤ ስትናገር ያቋረጣት ሰው አላየሁም። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው፤ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩና ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ። ግጦሹ የት እንዳለ፣ ውሃው የት እንደደረሰ፣ ማን እንደሞተ በዚያ ነው የሚታወቀው። ሰው በዳጉ ይኖራል፤ በዳጉ ይሰደዳል። በዳጉ የዋሸ ሰው ሁለተኛ አይሰማም። ሐሊማ ሥራዋን እንደዚያ ነበር የምታየው። አንድ ቀን «እኔ እኮ ደመወዝ የሚከፈለኝ ዳጉ ነጋሪ ነኝ» ብላኝ ሳቀች። ወንዙ ዳር ያሉት ሰዎች ከስልኩ ይልቅ እሷን ነበር የሚያምኑት። የሑመድ የእህት ልጅ ናት ይሉ ነበር። ሑመድ አጎቷ ናቸው፣ ከአሳይታ ወረድ ብሎ ከግመሎቻቸው ጋር የሚኖሩ ሽማግሌ።

የእኔ ሥራ ይህን ሁሉ የሚያስኬዱትን ማሽኖች መጠበቅ ነበር። ኤሲ ቀንና ሌሊት በሚያጉረመርምባት አንዲት ክፍል ውስጥ የተደረደሩ ሰርቨሮች እንደ አንድ ማሽን ተባብረው ይሠራሉ፤ ክላስተር እንለዋለን። በላያቸው ላይ ትንንሽ ፕሮግራሞች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ሳጥን ውስጥ ሆነው ይሮጣሉ። ሳጥኑን ኮንቴይነር ነው የምንለው። ሎጊያ ላይ ለጂቡቲ ሾፌሮች «እኔም የኮንቴይነር ሥራ ላይ ነኝ» ስላቸው «ሃያ ጫማ ነው አርባ?» ብለው የጠየቁኝ ጊዜ አለ። አንዱ ሳጥን የውሃውን ከፍታ ይቀበላል፤ አንዱ አደጋ መኖር አለመኖሩን ያመዛዝናል፤ አንዱ ይደውላል። ይህን የመጨረሻውን ደዋዩ እንለው ነበር። እዚያው ክላስተር ላይ፣ ከዋናው ጎን፣ የመሞከሪያ ክፍልም ነበረን። አዲስ ሰው የሚለማመደው፣ ቢሳሳትም ማንንም የማይጎዳው እዚያ ነው።

አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ ያለዚያ ጥፋቴ አይገባችሁም። እንዲህ ያለ ክላስተር ሲተከል በውስጡ ያሉት ሳጥኖች ሁሉ ያለ ከልካይ እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ከውጭ የመጣ በር ላይ ይጠየቃል፤ ውስጥ ያለ ግን ከፈለገው ጋር ያወራል። ይህን የሚከለክለው ባለሙያው ጽፎ የሚያስገባው ደንብ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሁሉንም ዝጋ፤ ከዚያ ይህ ከዚያ ጋር ይነጋገር እያልክ የግዱን ብቻ ክፈት፤ ደንቡ ይኸው ነው። እኛ ግድግዳ እንለው ነበር። በዚያ ላይ ደግሞ እያንዳንዱ ሳጥን ለሌላው መታወቂያ እንዲያሳይ ይደረጋል፤ ግድግዳው ቢነሳ እንኳ ደዋዩ የማያውቀውን «አንተ ማነህ?» ብሎ ይመልሰዋል። ሁለቱንም እንድሠራ ታዝዤ ነበር። ግድግዳውን ሠራሁ። መታወቂያውን «በኋላ» አልኩ።

የመሞከሪያውን ክፍልም ያዘጋጀሁት ከዋናው ላይ ገልብጬ ነው። ስገለብጥ የደዋዩ አድራሻ አብሮ መጣ። መቀየር ነበረብኝ። አልቀየርኩም። ግድግዳ አለ፣ ወደ ዋናው አያልፍም አልኩ። እንግዲህ በመሞከሪያውና በሰዎቹ ስልክ መካከል የነበረው ነገር ያ ግድግዳ ብቻ ነበር። ይህን ከእኔ በስተቀር የሚያውቅ አልነበረም።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ እንግዶች መጡ። ሲስተሙን ሊያዩ ነው። ጠዋት ስሞክረው የውሃ ከፍታ ተቀባዩ ከደዋዩ ጋር አልነጋገር አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት ደንቡን ሳሻሽል የሆነ ነገር አበላሽቻለሁ፤ ምን እንዳበላሸሁ ግን አላገኘሁትም። ፈለግኩ። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። የክፍላችን ኃላፊ አቶ እንድሪስ በሩን ከፈት አድርገው «ኤፍሬም፣ እንግዶቹ ሎጊያን አልፈዋል» አሉኝ። የወሎ ሰው ናቸው፣ ቁጣ የማያውቁ፤ ሲጨነቁ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ይጠርጋሉ። ያን ጊዜም እየጠረጉ ነበር።

ግድግዳውን አነሳሁት። አንዲት መስመር ትእዛዝ ነበረች። እኔ ነኝ የጻፍኳት፤ እኔ ነኝ ያነሳሁት። ወዲያው ሁሉም ነገር ሠራ። እንግዶቹ አጨበጨቡ፤ አቶ እንድሪስ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ፤ እኔም ፈገግ አልኩ። ነገ እመልሰዋለሁ አልኩ በልቤ።

በማግስቱ አልመለስኩትም። በሳምንቱም አልመለስኩትም። ረስቼው ነው ብል ይቀልልኝ ነበር፤ አልረሳሁትም። ስበላ ትዝ ይለኛል፤ ባጃጅ ውስጥ ትዝ ይለኛል። ግን ስህተቱን ስላላገኘሁት ብመልሰው የሚሠራውን አቆመዋለሁ ብዬ ፈራሁ። «ኤፍሬም የነካው ተበላሸ» እንዳይባል። ለስሜ ብዬ ነው። ከዚያ ሌላ ምክንያት ቢኖር ኖሮ በነዚህ ሁሉ ዓመታት አገኘው ነበር።

ክረምት ገባ። ለሐሊማ ሁለት ረዳቶች ተቀጠሩላትና ልታለማምዳቸው ሆነ። አንድ ቀን ምሳ ቤት አብረን ተቀምጠን ሳለ ጠየቀችኝ።

«ኤፍሬም፣ መሞከሪያው ላይ እውነተኛውን መልእክት ቀድተን ‹ላክ› የሚለውን ብንጫነው ምንም አይሆንም አይደል? ልጆቹ ጭንቀቱን እንዲለምዱት እፈልጋለሁ።»

«ምንም አይሆንም» አልኳት።

«እርግጠኛ ነህ?»

«በመሃል ግድግዳ አለ ሐሊማ።»

ግድግዳ አልነበረም። እንዳልነበረ አውቃለሁ። ሳላውቅ የተናገርኩት አይደለም፤ አፌ «አለ» ሲል ልቤ «የለም» እያለ ነበር። ለምን አልኩት? «ቆይ፣ አንድ ነገር ላስተካክል፣ ከዚያ ትጫኛለሽ» ማለት ምን ያህል ከባድ ነበር? እንጀራዬን ቆርሼ እየጎረስኩ ነው የዋሸኋት። ከሰዓት በኋላ እመልሰዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ከሰዓት መብራት ሄደ፤ ጄኔሬተሩ ነዳጅ አልነበረውም፤ እኔም በጊዜ ወደ ሎጊያ ሄድኩ።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሐሊማ ከሁለቱ ረዳቶቿ ጋር መሞከሪያው ፊት ተቀመጠች። በድምፅዋ ቀዳች። ውሃው እየመጣ ነው፤ ከወንዙ ዳር ተነሡ፤ ሽማግሌዎችንና ሕፃናትን ይዛችሁ ወደ ከፍታው ውጡ። ከዚያ ተጫነች። መሞከሪያው የተገለበጠውን አድራሻ ይዞ ሄደ። የሚያግደው አልነበረም። ደዋዩም ማንነቱን አልጠየቀውም። ከአሳይታ በታች ወንዙን ይዞ ያለ ስልክ ሁሉ ጮኸ።

እኔ የሰርቨሮቹ ክፍል ውስጥ ነበርኩ። ሐሊማ ሻሿ ትከሻዋ ላይ ወርዶ፣ ስልኳን በእጇ ይዛ ገባች።

«ኤፍሬም፣ አጎቴ ደወሉ። ውሃው ስንት ሰዓት ላይ ይደርሳል ይሉኛል።»

ምን እንደሆነ ያን ጊዜውኑ ገባኝ። እሷ ግን አልገባትም ነበር። እውነተኛ ጎርፍ መጥቶ እኛ ሳናውቅ ቀርተን እንደሆነ ልትጠይቀኝ ነው የመጣችው። «መለኪያው ምን ይላል? እየው እስቲ» አለችኝ። ነገሩን እንደማያውቅ ሰው መለኪያውን አየሁት። ውሃው ዝቅ ብሎ ተኝቷል።

ጥሪውን አቆምኩት፤ ግን ዘግይቼ ነበር። ሐሊማ ወዲያው «ውሃ የለም፣ ስህተት ነው፣ ተመለሱ» የሚል ሌላ መልእክት ቀዳች። ሰዎቹ ግን ተነሥተው ነበር። በቀትር ፀሐይ ሽማግሌ ተሸክመው፣ ከብት እየነዱ፣ ጥላ ወደሌለበት ከፍታ ወጥተዋል። ግልገሎች በሙቀቱ አለቁ። የአንዱ መንጋ ከሌላው ጋር ተደባልቆ ጠብ ተነሣ። አንዲት ነፍሰ ጡር መንገድ ላይ ተገላገለች፤ እናትም ሕፃኑም ተረፉ። ሰዎቹ ይህን ሁሉ አመጣብን ብለው የሚያውቁት የሐሊማን ድምፅ ነበር። የኔ ድምፅ በየትኛውም ስልክ ላይ አልተሰማም።

አቶ እንድሪስ ሁለታችንንም ከሰዓት በኋላ ጠሩን። እስከዚያ ጊዜ ነበረኝ። ምን ያደረግኩ ይመስላችኋል? ክፍሉን ከውስጥ ቆልፌ ግድግዳውን መለስኩት። ስህተቱንም አገኘሁት። ደዋዩ በሚጠራበት ስም ላይ አንዲት ፊደል ተሳስቼ ኖሯል። አንዲት ፊደል። ስንት ቀን ስሸሸው የከረምኩት ነገር ቁጭ ብዬ ሳየው ወዲያው ታየኝ። አስተካከልኩት፤ ሁሉም ሠራ። ግድግዳውም ቆመ፤ ደዋዩም ከሚገባው ጋር ብቻ ተነጋገረ።

ከዚያ ላፕቶፔን ይዤ ስብሰባው ገባሁ።

«ከመሞከሪያው ወደ ዋናው ማለፍ ይቻላል?» አሉ አቶ እንድሪስ።

«አይቻልም፤ ይኸው ይዩት» አልኳቸው። ከመሞከሪያው ወደ ደዋዩ ለመድረስ ሞከርኩላቸው፤ አልደረሰም። ደንቡንም በስክሪኑ ላይ አሳየኋቸው። ማሽኑ የእያንዳንዱን ደንብ ዕድሜ ከጎኑ ይጽፋል፤ የኔ ግድግዳ ያን ዕለት የተወለደ መሆኑ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ጣቴን አነሣሁና ገጹን ወደ ላይ ገፋሁት።

«ታዲያ እንዴት ሄደ?» አሉ መነጽራቸውን እያወለቁ።

ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ብል እንኳ ግማሽ ኃጢአት ነበር። እኔ ግን ተናገርኩ። «ሁለቱ ገጾች ይመሳሰላሉ። ምናልባት ሐሊማ ሳታውቅ ከዋናው ገጽ ገብታ ይሆናል» አልኩ። አዲሶቹ ረዳቶቿ ገና ገጾቹን ለይተው አያውቁም ነበር።

ሐሊማ ወደ እኔ ዞረች። የምትጮህ መስሎኝ ነበር። «ግድግዳ አለ አላልከኝም?» የምትል መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ግድግዳው መኖሩን አሁን በዓይኗ አየች፤ ስለዚህ ያልኳት እውነት ነበር ማለት ነው። የተጠራጠረችው እኔን ሳይሆን የገዛ እጇን ነው። እጆቿን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ አየቻቸው።

«እኔ መሞከሪያው ላይ የገባሁ ነበር የመሰለኝ» አለች። ከዚያ ዝግ ብላ «ምናልባት» አለች። «አላህ ያውቃል። ምናልባት።»

ያን «ምናልባት» ከአፏ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ሰው ያየውን እንዳላየ እንዲያስብ ማድረግ ምን ይባላል? ሌብነት ነው፤ ግን የምን ሌብነት እንደሆነ ስሙን አላውቀውም።

አላባረሯትም፤ ከድምፁ ሥራ ግን አነሷት። የእሷ ድምፅ ከሲስተሙ ወጣ፤ ከሌላ አካባቢ በመጣ አንድ ሰው ድምፅ ተተካ። እሷም ጥቂት ቆይታ በራሷ ፈቃድ ለቀቀችና አሳይታ ገባች። የመሄጃዋ ቀን ቢሮዬ መጥታ ለፀሐይ የተዋሰችኝን ጃንጥላ መለሰችልኝ። «በደህና ሁን ኤፍሬም፣ ብዙ አስተምረኸኛል» አለችኝ። እሷ ከሄደች በኋላ መታወቂያውንም ሠራሁት፣ የመሞከሪያውንም አድራሻ ቀየርኩት። ግድግዳውም መታወቂያውም በቦታቸው ሆኑ። አቶ እንድሪስ በስብሰባ ላይ አመሰገኑኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ።

የሚቀጥለው ክረምት እውነተኛው ውሃ መጣ።

ሲስተሙ በሰዓቱ ደወለ። በቅጡ ሠርቼዋለሁና አንዲት ቃል አልጎደለችም። አብዛኛው ሰው ተነሣ፤ ግን ዘግይቶ ተነሣ፣ ውሃውን በዓይኑ ሲያይ። ሑመድ ቤተሰባቸውን ካሻገሩ በኋላ ለግመሎቻቸው ቀሩ። ጥሪውን ሰምተው ነበር። ያኔ፣ ውሃው ገና ሳይታይ፣ ልጆቻቸው «አባ፣ እንነሣ» ሲሏቸው ያሉትን ኋላ ሰማሁ።

«አምና የገዛ እህቴ ልጅ ዋሸችን። ዛሬ የማላውቀውን ሰው ልመን?»

ውሃው ሲጎድል ከታች፣ ቁጥቋጦ ውስጥ አገኟቸው።

ቢያምኑትም ለግመሎቻቸው ይቀሩ ነበር የሚል ሰው አለ። ሊሆን ይችላል፤ ግመል ያረባ ሽማግሌ እንዲህ በቀላሉ አይነሣም። እኔ ግን በዚህ ልጽናና አይገባኝም። ያን ቃል በአፋቸው ያስገባሁት እኔ ነኝ። ሲሞቱ የእህታቸው ልጅ ውሸታም እንደሆነች አምነው ነው የሞቱት።

ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ጋር ለለቅሶ አሳይታ ወረድን። ወንዶቹ ከውጭ ዳስ ሥር ተቀምጠዋል። ተቀምጬ ሳለ ሐሊማ ከሴቶቹ መካከል ወጥታ ስትመጣ አየኋት፤ ከስታለች። ተነሥቼ ልነግራት ወሰንኩ። ይህን እውነት እላለሁ፣ ወስኜ ነበር። በሩ አጠገብ ተገናኘን። «አላህ ያጽናሽ» አልኳት። አፌን ከፍቼ ልቀጥል ስል ቀደመችኝ።

«ኤፍሬም፣ አንተንም አሳፍሬሃለሁ» አለች። «ያን ሁሉ ለፍተህ የሠራኸውን ሥራ በገዛ እጄ አበላሸሁት። ‹ግድግዳ አለ› ብለህ መሞከሪያውን ብቻ ፈቅደህልኝ ሳለ ሳላስተውል ከዋናው ተጫንኩ። የአጎቴን ነገር ከአላህ ጋር እጨርሰዋለሁ። አንተ ግን አፉ በለኝ።»

አፉ በለኝ፤ ይቅር በለኝ ማለቷ ነው። በዳይዋን ነው የለመነችው። ዓይኗ ዓይኔ ላይ ነበር። ከዳሱ ሥር ሽማግሌዎቹ ያዩናል። ያኔ ምን ማለት ነበረብኝ? ሕፃን እንኳ የሚያውቀው ነው።

«አፉ ብዬሻለሁ» አልኳት።

አልኳት። በእግዚአብሔር ፊት፣ በሰው ልቅሶ ላይ፣ ያልበደለችኝን ሴት ይቅር አልኳት። እሷም ተንፍሳ «አላህ ይስጥህ» አለችኝ። መኪና ውስጥ ገብቼ እስከ ሎጊያ ድረስ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተቀመጥኩ፤ ጓደኞቼ ለቅሶው የነካኝ መሰላቸው፣ አንዱ ውሃ ገዝቶ ሰጠኝ። ግድግዳውን ማንሣቴ ስንፍና ነበር። ስብሰባው ላይ መዋሸቴ ፍርሃት ነበር። ይኸኛው ግን ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ስም አላገኘሁለትም።

ብዙ ሳልቆይ ሰመራን ለቀቅኩ። አዋሽ ሰባት ተመልሼ አገባሁ፣ ወለድኩ። ዛሬም ሥራዬ ያው ነው፣ ለአንድ የጭነት ድርጅት ክላስተር እጠብቃለሁ። ከእኔ ጋር የሚሠሩ ወጣቶች ጥንቁቅ ነው ይሉኛል። እንዴት እንደተማርኩት አይጠይቁኝም።

እንዲህ ሆኜ ዝም እንዳልኩ የምሞት ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ሰሞን ግን ምሳ ቤት ተቀምጬ ሳለ ከጎኔ ሁለት ሾፌሮች ያወራሉ። አንዱ ጭነት እንደሚሰጠው የተነገረውን ሲያወራ ሌላው ሳቀበት። «ተወው ባክህ፣ የሐሊማ ስልክ ነው» አለው።

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። «ምን ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ከአሳይታ በኩል የመጣ አባባል ነው» አለኝ። «የሐሰት ወሬ ማለት ነው። አንዲት ሴት ነበረች አሉ፣ ሕዝቡን በስልክ አታልላ ያሰደደች።» ሰውየው ክፋት የለውም፤ ሳቅ ብሎ ወደ ምሳው ተመለሰ። ሐሊማን አያውቃትም። እሷን የማያውቁ ሰዎች፣ እሷ በማታውቀው ከተማ፣ ስሟን ለውሸት መጠሪያ አድርገውታል። እሷ ግን እዚያው አሳይታ ሕፃናት ታስተምራለች አሉ። ልጆቹስ ይሉት ይሆን? ፊት ለፊቷ ባይሉትም፣ ዞር ስትል ይሉት ይሆን?

ለዚህ ነው የጻፍኩት። ነገ ጠዋት ወደ ሎጊያ የሚሄድ መኪና እሳፈራለሁ፤ ከዚያ አሳይታ። ለሚስቴ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ፤ ለአቶ እንድሪስም እደውላለሁ። ለሐሊማ ግን ብቻዋን ሳለች አልነግራትም። ብቻዋን ብነግራት ወዲያው ይቅር ትለኛለች፤ አውቃታለሁ። እኔም ቀልሎኝ እመለሳለሁ፣ ስሟ ግን ባለበት ይቀራል። የሑመድን ልጆችና የሰፈሩን ሽማግሌዎች እንድትጠራልኝ እለምናታለሁ። በእነሱ ፊት ቆሜ በምችለው አፋርኛ እናገራለሁ። የማልችለውን እሷ ራሷ እንድትተረጉምልኝ አልጠይቃትም፤ ያን ያህል እንኳ ላዝንላት ይገባል። የሚያስተረጉም ሰው ይዤ እሄዳለሁ። ልጆቻቸው የሚሉኝን እሰማለሁ። የሚጠይቁኝ ካለ እከፍላለሁ፤ ውጣ ቢሉኝም እወጣለሁ።

ሐሊማ፣ ይህ ከእኔ ቀድሞ ከደረሰሽ፣ አፉ በይኝ አልልሽም። የአዲስ አበባ እንግዶች ነበሩ፣ መብራት ሄዶ ነበር፣ ወጣት ነበርኩ አልልሽም። ለቅሶው ቤት በር ላይ የሰጠሁሽን ይቅርታ ግን መልሺልኝ፤ የምትቀበዪው አልነበረም። የተጫንሽው መሞከሪያውን ነው። ልክ ነበርሽ።